ኔትወርኩን ሳላስነግር ያጠፋሁበት ረፋድ

ጡረታ በወጣሁ በሦስተኛው ቀን ልጄ ስልኬን ከእጄ ነጠቀችና «አባባ፣ ምንድን ነው በየደቂቃው የምታየው?» አለችኝ። ምን ልበላት? የማየው ከላይ ጥግ ላይ ያሉትን ትንንሽ መስመሮች ነው፤ ኔትወርክ መኖር አለመኖሩን የሚናገሩትን። ሌላው ሰው ስልክ የሚከፍተው ወዳጅ ዘመድ ለማየት ነው። እኔ የምከፍተው አንቴናዎቼ በሰላም ማደራቸውን ለማየት ነው። አሶሳ ቤቴ ቁጭ ብዬ፣ ጫማዬን አውልቄ፣ ማንም ሳያዘኝ!

ሰይድ እባላለሁ። ብዙ ሰው ግን «ሰይድ ኔትወርክ» ነው የሚለኝ፤ ከኩርሙክ መንገድ እስከ ማንኩሽ በዚህ ስም ብትጠይቁ ያሳዩዋችኋል። ሥራዬ የስልክ አንቴና ኃይል እንዳያጣ መጠበቅ ነበር። ሕዝቡ አንቴና ሲል ያንን ረጅም ብረት ብቻ ነው የሚያየው። ከሥሩ ግን ጄኔሬተር አለ፣ የባትሪ መደርደሪያ አለ፣ በኋላ ደግሞ ሶላር መጣ። ናፍጣው ካለቀ፣ ባትሪው ከደከመ፣ ያ ሁሉ ብረት የወፍ ማረፊያ ነው። የእኔ ድርሻ ከታች ያለው ነበር። ደመወዙን አታንሱብኝ። የጡረታ ወረቀት ለማስፈረም ከቢሮ ቢሮ የተንከራተትኩትንም እንለፈው።

እኛ ከወሎ በሰፈራ የመጣን ነን። አባቴ አሶሳ አጠገብ መሬት ሲሰጠው እኔ ገና ጢም አላወጣሁም። ያኔ አሶሳ ውስጥ ስልክ ማለት አንድ ክፍል፣ አንድ መስኮትና አንድ ረጅም ወረፋ ነበር። ሰው ጠዋት ተመዝግቦ ከሰዓት በኋላ ይናገራል። የሚሰጡትን ሦስት ደቂቃም «ይሰማል? ይሰማል?» ሲል ይጨርሳታል። እኔ እዚያ መሥሪያ ቤት የገባሁት የእንጨት ምሰሶ ተሸካሚ ሆኜ ነው። የተሸከምኩለት ሰው ኦቦ ፉፋ ይባላል። ሥራ ያስተማረኝ እሱ ነው።

ኦቦ ፉፋ ወለጌ ነው፤ እሑድ እሑድ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ከመዘምራኑ ጋር ሆኖ ወፍራም ድምፅ የሚያወጣ፣ በሥራ ቀን ግን ቃል የማይወጣው ሰው። ሽቦ ከመዘርጋት ወደ ጄኔሬተር ስንዞር አብረን ዞርን። ጄኔሬተር ከመክፈቱ በፊት መዳፉን ክዳኑ ላይ ያሳርፍና ዓይኑን ይጨፍናል።

«ኦቦ፣ ይጸልያሉ እንዴ?» አልኩት አንድ ቀን።

«ዝም በል፤ እየነገረኝ ነው» አለኝ።

እውነትም ይነግረዋል። ንዝረቱ ከተለወጠ የቱ ጋ እንደታመመ በመዳፉ ይለያል። ዘይት ሲቀይር አሮጌውን ዘይት በሁለት ጣቱ አሽቶ ያሸተዋል፤ ናፍጣ ከሸተተው «ነዳጁ ወደ ዘይቱ እየገባ ነው» ብሎ ሳይፈታ ይናገራል። ፈትተን ስናየው አንድም ቀን ተሳስቶ አያውቅም። ባትሪዎቹ ያሉበት ክፍል ሲገባ ጫማውን በር ላይ ያወልቃል። እኔንም ያስወልቀኛል። አቧራ ለማሽን ወባ ነው ይላል።

ከሁሉም በላይ ግን አንድ ልማድ ነበረው፤ ሳያስነግር አያጠፋም። ባትሪ ለመቀየር ወይም ገመድ ለመተካት አንቴናው ለአንድ ሰዓት እንኳ መጥፋት ካለበት፣ ዋዜማውን እዚያው ይደርሳል። ገበያው መሀል ይቆማል፣ መስጊዱ ደጃፍ ይቆማል፣ ጤና ኬላውን ያንኳኳል። «ነገ ከዚህ ሰዓት እስከዚህ ሰዓት ስልክ የለም። የሚጠብቀው ነገር ያለ ሰው ይንገረኝ» ይላል። አለኝ የሚል ከተገኘ ሥራውን ይገፋዋል። አንዴ ባምባሲ ላይ አንዲት ሴትዮ ልጇ ከአረብ አገር የምትደውልበት ሰዓት ነው ብትለው፣ መኪና አስቁሞ፣ መፍቻ አስቀምጦ፣ እስከ ከሰዓት ጠበቀላት። እኔ በገንሁ።

«ለአንድ ስልክ?» አልኩት።

«ማል ጄታ?» አለኝ ኮስተር ብሎ፤ ምን ትላለህ ማለቱ ነው። «ለአንተ አንድ ስልክ ነው። ለእሷ ልጇ ናት።»

ያኔ አልገባኝም። ነፍሱን ይማረው፣ ብዙ ሳይቆይ ጡረታ ወጣ፤ ከወጣም በኋላ ዕድሜ አላገኘም። መፍቻዎቹን እኔ ወረስኩ።

ከዚያ በኋላ ነው ስማርት ስልክ የመጣው። ጉድ የተባለው ያኔ ነው! በፊት ኔትወርክ ሲጠፋ ሰው «ነገ ይመጣል» ብሎ ወደ ሥራው ይሄድ ነበር። ስማርት ከገባ ወዲህ ግን ሩብ ሰዓት አይሞላም፣ አጥሩ ሥር ሰው ይሰበሰባል። ወንዝ ዳር ወርቅ የሚያጥቡት ሴቶች የዕለቱን ዋጋ በስልክ ሳያዩ አይሸጡም። ገበሬው የታመመ የማንጎ ቅጠል ፎቶ አንስቶ አሶሳ ላለ ባለሙያ ይልካል። ፊደል ያልቆጠሩ ሽማግሌ በበርታኛ ድምፃቸውን ቀድተው ድንበር ማዶ ላለ ወንድማቸው ይልኩና መልሱን ጆሯቸው ላይ ለጥፈው ይስቃሉ። ስንት ጊዜ መፍቻዬን እንደያዝኩ ቆሜ እንዳየኋቸው! እኔ ምሰሶ የተሸከምኩ ሰው ነኝ፤ ሦስት ደቂቃ ለመናገር ቀን ሙሉ የተሰለፈ ሕዝብ አውቃለሁ። ያ ሁሉ ነገር ኪስ ውስጥ ገብቶ ሳየው፣ ወላሂ፣ ሰውነቴን ይወረኛል።

ግልገል በለስ ተመድቤ ሳለሁ ድባጤ አካባቢ ሰው የተገዳደለበት ያ ክፉ ጊዜ ደረሰ። የተፈናቀለ ሰው እየጎረፈ መጣ። ጫማ የለውም፣ ጋቢ የለውም፤ ስልኩ ግን በእጁ ነው። አንዲት ሴት ዳቦ ብሰጣት ያዘችና ሳትቆርሰው «መጀመሪያ ቻርጅ አድርግልኝ፤ ባሌ በሕይወት ካለ የሚደውለው በዚህ ነው» አለችኝ። ከጄኔሬተሩ ገመድ ስቤ በአንድ ጣውላ ላይ ሶኬት ደረደርኩ፤ ሥልጣኑ ባይኖረኝም። ያን ጣውላ ከብቦ የተቀመጠውን ሕዝብ፣ እያንዳንዱ ዓይኑን ስልኩ ላይ ተክሎ፣ መቼም አልረሳውም። ኦቦ ፉፋ «ለእሷ ልጇ ናት» ያለው ያን ቀን የገባኝ መስሎኝ ነበር። ሰው የገባው ነገር ስንት ጊዜ ይጠፋበታል!

ከዚያ ወደ አሶሳ ተመለስኩና ወደ ኩርሙክ የሚወስደው መንገድ ላይ ያሉት አንቴናዎች ተሰጡኝ። አንዷ ቀበሌ ውስጥ ዘሃራ የምትባል ሴት ነበረች። ጆሮዋ ከልጅነቷ ጀምሮ አይሰማም፣ ቃልም አይወጣትም። ትምህርት ቤት አልገባችም። ከእህቷ ከአሚና ጋር አብረው ሲያድጉ የራሳቸውን የእጅ ቋንቋ ፈጠሩ፤ ሁለቱ ብቻ የሚያውቁት። አሚና አግብታ አሶሳ ገባች። ስማርት ስልክ ሲመጣ ለእህቷ አንድ ገዛችላት።

ያንን ያየሁ ቀን ሱቅ ደጃፍ ቆሜ ነበር። ዘሃራ ስልኳን ባንኮኒው ላይ አስደግፋ በቪዲዮ ደወለች። አሚና ብቅ አለች። ዘሃራ እጇን አወናጨፈች፤ ከስልኩ ውስጥ የአሚና ድምፅ ወጣ፦ «ትናንት የሰጠሃት ሳሙና የተሰነጠቀ ነው፤ ቀይርላት ትላለች።» ባለሱቁ ቀየረ። ሰዎቹ ለመዱት እንጂ እኔ አፌን ከፍቼ ቀረሁ። ሠላሳ ዓመት ዝም ያለች ሴት በአየር ላይ አፍ አገኘች! አየሩን የምጠብቀው ደግሞ እኔ ነኝ። ያን ቀን ወደ መኪናዬ ስመለስ ኩራት ይሁን ፍርሃት ያልለየሁት ነገር ደረቴን ሞልቶት ነበር።

አንድ ነገር ግን ልብ አላልኩም። ከስልኩ በፊት ጎረቤቶቿ እጇን ያነቡ ነበር። ሁሉንም ባይሆን ውሃ፣ ሕመም፣ እርሻ፣ ልጅ ስትል ይገባቸው ነበር። ስልኩ ከመጣ ወዲህ ግን እጇን የሚያይ ጠፋ። ሁሉም ስልኩን ያያል፣ የአሚናን ድምፅ ይሰማል፤ አለቀ።

ያን ረፋድ የዘሃራ ቀበሌ አንቴና ሥር ባትሪ ለመቀየር ነበር የሄድኩት። ባትሪውንና ገመዱን አንድ ላይ ስለምነካ መጥፋቱ አይቀርም። ዋዜማውን ሄጄ ማስነገር ነበረብኝ። አልሄድኩም። አለቃዬ በዚያ ቀን ሦስት አንቴና ጨርስ ብሎኝ ነበር፤ ግን አለቃዬን ሰበብ አላደርግም፤ አላስነገርክም ብሎ የሚጠይቀኝም፣ አታስነግር ብሎ የሚከለክለኝም አልነበረም። ሰንፌ ነው። ለጥቂት ሰዓት ምን ይሆናል አልኩ። ጠዋት ደርሼ፣ ጫማዬን አውልቄ፣ አጠፋሁት።

አንድ ሰዓት ያህል እንደሠራሁ አጥሩ ተንቀጫቀጨ። ብወጣ ዘሃራ ናት። ላብ በላብ ሆናለች። ስልኳን ከፍ አድርጋ አሳየችኝ፤ ከዚያ እጇን በፍጥነት ታወናጭፍ ጀመር። ኔትወርክ መቼ ይመጣል ማለቷ ነው ብዬ፣ ፈገግ ብዬ፣ ሁለት ጣቴን አሳየኋት። ሁለት ሰዓት። አጥሩን ጨብጣ ለአፍታ አየችኝ፤ ከዚያ ሮጠች። ወደ ጥበቃው ወደ አብዱራሂም ዞሬ «እህቷ ናፍቃት ነው» ብዬ ሳቅሁ። አዎ፣ ሳቅሁ።

ጨርሼ ስከፍተው መንደሩ ሙሉ ስልክ በስልክ ሆነ፤ እንደዚያ ሲሆን ሁሌም ደስ ይለኛል። ጥቂት ቆይቶ አምቡላንስ አቧራውን እያስነሳ አለፈ። አብዱራሂም ሄዶ ተመለሰ። እሱ በርታ ነው፤ አማርኛው እንደመጣለት ነው።

«ሰይድ፣ አንተ ሰማህ? የዘሃራ ልጅ መርዝ ጠጣ። እሱ ልጁን ይዞ ጤና ኬላ ሄደ። ሐኪም አልገባው። ስልክ የለም።»

የሆነው ይህ ነው። ዘሃራ የአራት ዓመት ልጇን ኢድሪስን ይዛ ማሽላ ልትኮተኩት ወርዳለች። አጠገቧ ያለው እርሻ ውስጥ ሰው የተባይ መድኃኒት በውሃ ፕላስቲክ በጥብጦ ትቷል። ልጁ ጠጣው። አቅፋው ሮጠች። ፕላስቲኩን አላነሳችም፤ ለምን ታንሳው? አፏ ኪሷ ውስጥ ነው። ጤና ኬላው ደርሳ ስልኳን ስታወጣ ኔትወርክ የለም።

እዚያ ያለችው የጤና ሠራተኛ መሠረት ትባላለች፤ እንደኔው የሰፋሪ ልጅ፣ ጎበዝ፣ ሳቂታ። ልጁ ያስመልሰዋል፣ ምራቁ ይዝረበረባል። የተቅማጥ ወቅት ነበርና በውሃ የሚበጠበጠውን የተቅማጥ ንጥረ ነገር ሰጠችው። ዘሃራ ክንዷን ይዛ ወደ እርሻው ጎተተቻት፤ መሠረት ግን ልጇን ይዛ ልትወጣ ነው ብላ አስባ አስቀመጠቻት። አሶሳ ላሉት ሐኪሞች ልትደውልም ሞከረች፤ የእሷም ስልክ ሞቷል። ያኔ ነው ዘሃራ ልጇን ለመሠረት ትታ እኔ ዘንድ የመጣችው። እኔ ሁለት ጣት አሳየኋት። ከእኔ ዘንድ እስከ እርሻው በሩጫ ሄዳ፣ ፕላስቲኩን ይዛ እስክትመለስ፣ ያ ሁሉ ሰዓት ሄደ።

ልጁ አልሞተም፤ አልሐምዱሊላህ። አሶሳ ሆስፒታል ብዙ ሳምንት ተኛ። ከዚያ ግን እግሮቹ ደከሙ። እስከ ዛሬ ቀኝ እግሩን እየጎተተ ነው የሚሄደው።

ዓርብ ከሶላት በኋላ መስጊዱ ግቢ ውስጥ ሰው ከበበኝ። «ሰይድ፣ ያን ቀን ምን ሆኖ ነው?» አሉኝ። ሳላስበው ከአፌ ወጣ፦ «ብልሽት ነበር። አላህ ረድቶን ቶሎ ጠገንነው።» አመሰገኑኝ! እጄን ጨበጡኝ። ብልሽት ከሆነ ታዲያ ጥፋቱ የማን ነው? የመሠረት ሆነ። «መናገር የማትችል ናት ብላ ናቀቻት» ተባለ። ጤና ኬላው ባዶ ሆነ፤ እናቶች ልጆቻቸውን ይዘው በደጇ እያለፉ ሌላ ቀበሌ ሄዱ። በወሩ ዕቃዋን ጭና ሄደች። ሙያውንም ጨርሳ ትታ ግልገል በለስ ሱቅ ከፈተች ሲሉ ሰማሁ። መኪና ላይ ስትወጣ አይቻታለሁ። ልናገራት የሚገባኝ አንዲት ቃል ነበረች፤ ዋጥኳት።

ከዚያ በኋላ ጡረታ እስክወጣ ድረስ ሳላስነግር ያጠፋሁበት ቀን የለም። በዚህም ስም አተረፍኩ። ጡረታ የወጣሁ ሰሞን ያች ቀበሌ ፍየል አርዳ ሸኘችኝ። ሼኩ ተነሥተው «ሰይድ ሰው አክባሪ ነው፤ ሳይነግረን ብርሃናችንን አጥፍቶ አያውቅም» አሉ። ለእጅ መታጠቢያ ውሃ የሚያዞረው ኢድሪስ ነበር። እግሩን እየጎተተ መጥቶ እጄ ላይ አፈሰሰልኝ። የቀረበልኝን ሥጋ ሳልነካ ተነሣሁ።

በማግሥቱ አሶሳ አሚና ቤት ሄድኩ። ሁሉንም ነገርኳትና «ለእህትሽ ደውዪና ንገሪልኝ፤ ይቅር ትበለኝ» አልኳት። 

«ጋሽ ሰይድ» አለችኝ፣ «ይሄን በእኔ አፍ አልናገርም። ከፈለግህ ራስህ ንገራት። በእጅህ።»

«በየት አውቄው?»

«አስተምርሃለሁ።»

ሁለት ሳምንት በየቀኑ ሄድኩ። በስተርጅና ጣት አልታዘዝ ይላል እንጂ ቋንቋውስ ድንቅ ነው! አንቴና፣ ክንድ ቀጥ ብሎ ጣቶች ከላይ ሲበተኑ ነው። መጥፋት፣ ጣቶቹ ሲጨበጡ። ልጅ፣ መዳፍ ጉልበት ላይ። ብልሽት፣ እንጨት እንደሚሰብሩ። ይህን ሁሉ ሁለት ሴት ልጆች ብቻቸውን ከምንም ተነሥተው ሠሩት። እኔ በሠላሳ ዓመት ሥራዬ ያየሁት መሣሪያ ሁሉ አንድ ላይ ቢደረደር እንደዚህ አላስገረመኝም።

ከዚያ ሄድኩ። ዘሃራ ደጇ ላይ ማሽላ ታበጥር ነበር። አየችኝና እንደ ልማዷ ስልኳን ልታወጣ እጇን ሰደደች። «አይሆንም» አልኳት በእጄ። ደነገጠች። ቁጭ አልኩና ጀመርኩ። እኔ። አንቴናውን። አጠፋሁ። አልተበላሸም። በእጄ። ልጅሽ። መዳፌን ጉልበቴ ላይ እንዳሳረፍኩ እንባዬ ወረደ፤ አላፈርኩም።

ፊቷ አልተለወጠም። ሁለት ጣቷን አነሣችና ወደ እኔ ጠቆመች። አሚና ይህን አላስተማረችኝም፤ ግን ገባኝ። ብልሽት የገጠመው ሰው መቼ እንደሚያልቅ አያውቅም። እኔ ሁለት ሰዓት ብዬ አሳይቻታለሁ። ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ ታውቅ ነበር።

ታዲያ ለምን ዝም አልሽ? አልኳት፣ እጄን እንደመጣልኝ እያደረግሁ።

ዓይኗን ነካች፤ ከዚያ ሁለት እጆቿን ዘርግታ መንደሩን ዙሪያውን አሳየችኝ፤ ከዚያ እጆቿን ራሳቸውን። ማን አያቸው?

አንገቴን ደፋሁ። ይቅርታ የሚለውን ምልክት አሳየኋት፤ ደረት ላይ ክፍት መዳፍ ነው። መዳፌን ከደረቴ ላይ አንሥታ ጭኔ ላይ መለሰችው። ለእኔ አይደለም ማለቷ ነበር። ስልኳን አወጣች። አሚና ዘንድ ልትደውል ነው ብዬ ስጠብቅ ሌላ ስም ነካች፤ ከስሙ አጠገብ ያለችውን ትንሽ ፎቶ አወቅኋት። ከዚያ ስልኩን ወደ እኔ አዙራ በሁለት እጇ ፊቴ ላይ ያዘችው።

ጠራ። ከኩርሙክ መንገድ ግልገል በለስ ስንት ተራራ፣ ስንት ወንዝ፣ የስንት ቀን መንገድ ነው! አምስት ጊዜ እንኳ ሳይጠራ የመሠረት ፊት ብቅ አለ። ከኋላዋ መደርደሪያ ይታያል። ጠቁራለች፣ ከስታለች፤ ሳቋ ግን ያው ነው።

«እንዴ! ጋሽ ሰይድ! እርስዎ ነዎት? ደኅና ነዎት? ኢድሪስስ እንዴት ነው?»

«መሠረት» አልኩ፤ «ያን ቀን ብልሽት አልነበረም። ኔትወርኩን ያጠፋሁት እኔ ነኝ።»